ለቮልስ ሞተር የሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ መግጠም ይቻላል ወይ?

እንደሚታወቀው በአገራችን ቮልስን የማያውቅ ሰው የለም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ራዲያተር የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ የሠራው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን እስከዚያ ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። እኛ ጋ ግን ቮልስ ዛሬም ሥራ ላይ ናት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህማ ያለችውን ጠግኖ ማቆየት የግድ የሆነበት ሰው ብዙ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት፣ እዚሁ ሐዋሳ በሚገኝ ጋራዥ ያጋጠመኝ ጉዳይ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ባለ 1300 ቮልሳቸውን አመጡ። ሦስተኛ ማርሽ በራሱ እየዘለለ ይወጣል፣ ካምቢዮውም ያጉረመርማል። ዕቃ ቢያፈላልጉ ስላላገኙ፣ «የቶዮታ ዕቃ በየሱቁ ሞልቷል፤ የቶዮታ ካምቢዮ ግጠሙልኝና ልገላገል» አሉ። ቡሎኑ እንደማይገጥም ሲነገራቸው ደግሞ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ እኮ ባለሙያ ናችሁ፤ መሀሉ ላይ ብረት ቆርጣችሁ አስማሙት» አሉን። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። በውጭ አገር ቮልስ ላይ የሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ የሚገጥሙ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ጋራዥ ውስጥ ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ቡሎን ቀዳዳ ነው። እኔ ነገሩን ሳጠናው ያየሁት ቀዳዳው ከሁሉም ቀላሉ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ የካምቢዮውን ዓይነት እንይ። በቮልስ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች ጀርባ ይቀመጣል፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ከሞተሩ ፊት ይውላሉ። እንደ ድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ያለው የቶዮታ ካምቢዮ ግን ዲፈረንሻል የለውም። ጉልበቱን በረጅም ሻፍት ወደ ኋላ አክስል ይልካል። ቮልስ ላይ ቢገጠም ሻፍቱ የሚሄደው ወደ ሾፌሩ ነው፤ እዚያ ምን አክስል አለ? እንደ ቪትዝ ያሉት የፊት ጎማ ነጂዎች ደግሞ ዲፈረንሻሉን አብረው ይዘዋል፤ ሆኖም ሞተሩ በመኪናው ወርድ፣ በአግድም እንዲቀመጥ የተሠሩ ናቸው። የቮልስን ሞተር ዘጠና ዲግሪ አዙሮ ለማስቀመጥ ግን የኋላውን ቤት እንዳለ መቁረጥ ይጠይቃል። ስለዚህ የመምህሩ ቶዮታ እዚህ ላይ ያበቃል።

የሚቀርበው ሱባሩ ነው። የሱባሩም ሞተር እንደ ቮልስ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ነው፣ በመኪናው ርዝመት ይቀመጣል፣ ዲፈረንሻሉም ካምቢዮው ውስጥ አለ። ለዚህም ነው በውጭ አገር ያሉ ሰዎች የሚመርጡት። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት ከሆነ ወደ ኋላ የሚሄደውን ክፍል መዝጋት ያስፈልጋል እንጂ እሱ ያን ያህል አያስቸግርም።

ዋናው ጣጣ የዙር አቅጣጫ ነው። ሁለቱም ሞተሮች ቀበቶው ካለበት በኩል ሲታዩ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ። በሱባሩ የቀበቶው በኩል ወደ ፊት ይመለከታል፣ በቮልስ ደግሞ ወደ ኋላ። እስክሪብቶ ይዘው ይሞክሩት፦ ክዳኑ ቀበቶው ነው፣ ጫፉ ካምቢዮው። ሱባሩ የምትሄደው ወደ ክዳኑ ነው፣ ቮልስ የምትሄደው ወደ ጫፉ። ስለዚህ የሱባሩ ካምቢዮ እንዳለ ቮልስ ላይ ቢገጠም አምስት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ትወጣለች! (እኔ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ቀልድ መስሏቸው ነበር።)

በራሱ በቮልስ ካምቢዮ ይህ ችግር ቢመጣ መላ አለው። ትልቁን የዲፈረንሻል ጥርስ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሮ መግጠም ይቻላል፤ ሞተሩን ከአክስሉ ፊት የሚያደርጉ ሰዎች የሚሠሩት እንዲሁ ነው። በሱባሩ ግን ትንሹ ጥርስ ከትልቁ መሀል ዝቅ ብሎ ስለሚነክስ ዝም ብሎ ማዞር አይሆንም፤ በተቃራኒ የተቆረጠ አዲስ ጥርስ ያስፈልጋል። አውስትራሊያ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የሚያመርት ድርጅት አለ። እዚህ ቶርኖ ቤት አስቆርጣለሁ ማለት ግን ዘበት ነው፤ ጥርሱ ጠመዝማዛ ነው፣ ማጠንከሪያ እሳትም ይፈልጋል። ሌላው አማራጭ ሞተሩን በኋላ ወንበር ቦታ ማስገባት ነው። መምህሩ ሦስት የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ይህንን ሐሳብ አላቀረብንላቸውም።

አሁን ወደ ማስማሚያው ብረት እንምጣ። አቅጣጫው ተፈታ ብንል እንኳ ሁለት ልኬቶች ይቀራሉ። አንደኛው መሀል ነው። የሞተሩ ዘንግና የካምቢዮው ዘንግ በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፤ የሚፈቀደው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ካርቶን ላይ ቀዳዳ አትሞ፣ በሱ ብረት ቆርጦ፣ በመሰርሰሪያ መብሳት እዚህ ልክ ላይ አያደርስም። ዳያል ጌጁን ፍላይዊሉ ላይ አስሮ፣ መርፌውን የካምቢዮው ቤት ክብ ቀዳዳ ላይ አስደግፎ፣ ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር ማዞር ነው። ልብ ይበሉ፣ መርፌው የሚያሳየው የልዩነቱን እጥፍ ነው፤ 0.2 ካነበበ መሀሉ የሳተው 0.1 ነው ማለት ነው። ከተስተካከለ በኋላ ብረቱ በፒን መያዝ አለበት። ቡሎን ያጠብቃል እንጂ ቦታ አይጠብቅም። መሀሉ የሳተ እንደሆነ መኪናዋ መጀመሪያ ላይ ደህና ትሄዳለች። ከዚያ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ስፕሪንጎች ይሰበራሉ፣ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ይጮሃል፣ ማርሽም መዝለል ይጀምራል። ማለትም መምህሩ ወደመጡበት ችግር!

ሁለተኛው ርዝመት ነው። ብረቱ 20 ሚ.ሜ. ውፍረት ካለው ካምቢዮው በ20 ሚ.ሜ. ይርቃል፣ የዘንጉ ጫፍም ሞተሩ ላይ ካለችው ትንሽ ኩሽኔታ በዚያው ልክ ይሸሻል። በቮልስ ይህች ኩሽኔታ ያለችው ፍላይዊሉን በሚያስረው በአንዱ ትልቅ ዳዶ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዳዶውን አስወጥቶ በቶርኖ ሌላ መሥራት ይመጣል። ይህ ዳዶ ወደ 350 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ወደ 36 ኪሎ መጫን ማለት ነው፤ እንደዚያ ሆኖ ለሚጠብቅ ዕቃ ተራ ብረት አይሆንም። ዲስኩም ድቅል ይሆናል፦ መሀሉ ከካምቢዮው ወገን፣ ዙሪያው ከፍላይዊሉ ወገን።

ይህ ሁሉ ተሳክቶ ምን ይገኛል? ብዙ ሰው «አምስተኛ ማርሽ» ይላል። እስቲ እናስላው። የባለ 1300 ቮልስ አንደኛ ማርሽ 3.80፣ ዲፈረንሻሉ 4.375 ነው፤ ሲባዛ 16.6። በብዛት በሚታየው የሱባሩ ካምቢዮ 3.545 በ3.9 ሲባዛ 13.8 ይሆናል። ስትነሳ የምታገኘው ጉልበት በ17 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በራሱ ወደ 15 በመቶ ሳስቷል፤ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ 34 ገደማ ነው። ሰው ጭና ወደ ሐገረ ሰላም ስትወጣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

አምስተኛው ራሱ ሌላ ነገር አለው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የቮልስ አራተኛ ማርሽ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2,600 ዙር ያዞረዋል፣ የሱባሩ አምስተኛ ወደ 2,000። ነዳጅ ይቆጥባል ይባል ይሆናል። ግን የቮልስ ማቀዝቀዣ ቬንትሌተር በቀበቶ የሚዞረው በሞተሩ ዙር ነው፤ ሞተሩ ሲዘገይ እሱም ይዘገያል። ዳገት ላይ ፔዳሉ ተረግጦ ዙሩ ሲያንስ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ነፋሱ ይቀንሳል። ውኃ ያለው ሞተር ይህን ይችለዋል፤ ቮልስ ግን ዳገት የምትወጣው ማርሽ ዝቅ ተደርጎ፣ ሞተሯ እየጮኸ ነው። ድሮ አባቶቻችን ሲነዱ የሚያደርጉት ይኸው ነበር።

መምህሩን ቁጭ አድርገን ስሌቱን ወረቀት ላይ አሳየናቸው። ሒሳብ አስተማሪ ነበሩና ቁጥሩን ራሳቸው ደግመው ሠሩት፤ 13.8 ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «በሉ የራሷን ፍቱት» አሉ።

የራሷ ካምቢዮ ተፈታ። ከኩሽኔታዎቹ አንዱን የውስጥ፣ የውጭና የወርድ ልኩን በካሊፐር ወስደን ኩሽኔታ መሸጫ አገኘነው። ለሌላ ማሽን የመጣ ነው፣ ልኩ ግን አንድ ነው። «የቮልስ ኩሽኔታ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅና በልክ መጠየቅ የተለያየ መልስ አለው። የሦስተኛ ማርሹ ሹካ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ ከተበተነች ሌላ ቮልስ ላይ ተገኘ። የሲንክሮናይዘሩን ቀለበት ግን እስካሁን አላገኘንም። አሮጌውን አጽድተን መልሰነዋል፤ ማጉረምረሙ ቀርቷል፣ ማርሹም አይዘልም፣ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ሲመለስ ግን ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥ ይፈልጋል። መምህሩ ለምደውታል። ቀለበቱን ያያችሁ እንደሆነ ለዲፓርትመንቱ ወርክሾፕ ንገሩን።