ፊደል የቈጠረ ሰው ለባልንጀራው ያለበት ዕዳ

ይህችን ጽሑፍ ማንበብ ከቻልህ ፈጽሞ ድኻ አይደለህም። ኪስህ ባዶ ይሆን ይሆናል። ምናልባትም ተማሪ ነህና የምትበላው ቤተ ሰቦችህ ከገጠር የሚልኩልህን ስንቅ፥ የምታድረውም በሰቆጣ ከተማ ከባልንጀሮችህ ጋራ በተከራየሃት በአንዲት ጠባብ ክፍል ይሆናል። ነገር ግን ስም መጻፍ ታውቃለህ፤ ቍጥር ትደምራለህ፤ ከመሥሪያ ቤት የመጣውን ወረቀት አንብበህ ለማያነበው ሰው ታስረዳለህ። በዋግ ተራሮች ላይ ይህን ለማድረግ የማይችሉ ብዙ ሽማግሌዎችና ብዙ መበለቶች አሉ። እንግዲህ ድኻን ስለ መርዳት ሲነገር፥ «እኔ ራሴ የሰው እጅ የማይ ነኝ፤ ምን አለኝና እሰጣለሁ?» የምትለውን ምክንያት ልቀበልህ አልችልም። ስለዚህም በዚህች ጽሑፍ ስለ ብርና ስለ እህል ብዙ አልናገርም፤ ስለ እጅህና ስለ ብዕርህ፥ ስለ ጊዜህም እናገራለሁ እንጂ።

አባቶቻችን መረዳዳትን ከሌላ አገር አልተማሩም። አዝመራ ሲደርስ ወይም ቤት ሲሠራ ደቦ ይጠራል፤ ባለ ቤቱ ጠላና እንጀራ አሰናድቶ ይጠብቃል፥ ጎረቤቱም ጕልበቱን ይዞ ይመጣል። በወንፈል ደግሞ ዛሬ አንተ የኔን እርሻ ብታርም ነገ እኔ ያንተን አርማለሁ። ሰው የሞተበት እንደ ሆነ እድሩ ይደርሳል፤ በወሎ አገር ቅሬ የሚሉት ይህንኑ ነው። ጥሩምባ ይነፋል፥ መቃብር ይቈፈራል፥ ድንኳን ይተከላል፥ ለቀስተኛው የሚቀመጥበትና የሚቀምሰው ይቀርባል። እድር በከተሞቻችን የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የራሱ ዳኛ፥ የራሱም ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ እነዚህም በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ናቸው። የኤች አይ ቪ በሽታ በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን ከእድሮች አንዳንዶቹ ሥራቸውን ከቀብር አሳልፈው በሽተኛን እስከ ማስታመምና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች እስከ መርዳት አድርሰውታል፤ ይህም ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው።

ነገር ግን ይህን መልካም ልማድ ጠለቅ ብለህ ተመልከተው። ወንፈል ጕልበት ላለው ሰው ነው፤ ጕልበቷ ያለቀ አሮጊት ብድሩን በምን ትመልሳለች? እድርም መዋጮውን በየወሩ ለሚከፍል ሰው ነው፤ ትናንት ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ስደተኛ ስሙ በማን መዝገብ ይገኛል? ደቦ ለመጥራት እንኳ ጌሾና ብቅል ያስፈልጋል። እንግዲህ በመበዳደር ላይ የቆመው ፍቅር የማይደርስባቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ከሁሉ ይልቅ ረዳት የሚያሻቸው ናቸው። ጌታችን ስለ ሳምራዊው የነገረንን ምሳሌ አስብ። በመንገድ ወድቆ ያገኘው ሰው የእድሩ አባል አልነበረም፤ ብድሩን ይመልስልኛል ብሎም አልጠበቀም። ደግሞ ቍስሉን አስሮለት ብቻ አልሄደም፤ እስከ እንግዶች ማደሪያ አድርሶ አስታመመው፥ ለባለ ቤቱም ገንዘብ ሰጥቶ የጎደለውን ተመልሶ እንደሚከፍል ነገረው። ስለ ሂሳቡና ስለ መመለሱ የሚሰብክ ሰባኪ ጥቂት ነው፤ እኔም ራሴ ለብዙ ዓመት አልሰበክሁትም።

በኛ አገር ደግሞ እንጀራ በመዝገብ በኩል የሚያልፍ ሆኖአል። በ1977 ዓ. ም. በታላቁ ረኃብ ጊዜ ከዋግ ብዙ ሕዝብ በእግሩ እየተጓዘ ወደ ቆረም ተሰደደ፤ በዚያ ሜዳ የነበረውም መከራ በጥቅምት ወር በቢ ቢ ሲ ተነሥቶ በዓለም ሁሉ ታየ። በዚያው ዘመን በመቀሌ ክሌር በርትሺንገር የምትባል የቀይ መስቀል ነርስ ነበረች። ምግቡ ለሁሉ የማይበቃ ስለ ሆነ፥ ከተሰለፉት ሕፃናት መካከል ገብተው የሚመገቡትን ጥቂቶች ትመርጥ ነበር። ያ ምርጫ ለብዙ ዓመት ኅሊናዋን እንዳስጨነቀው ኋላ ራሷ ተናግራለች። በ1997 ዓ. ም. ደግሞ ሴፍቲ ኔት የተባለው ፕሮግራም ሲጀመር፥ የዓመት ቀለባቸው የማይደርስላቸው ቤተ ሰቦች ከሕዝቡ መካከል በወጣ ኮሚቴ እየተለዩ የሚጻፉበት ሥርዓት ሆነ፤ መሥራት የሚችለው እየሠራ፥ ሽማግሌውና በሽተኛው ሳይሠራ ይቀበላል። በ2007 ዓ. ም. በሐምሌ ወር መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል ኪዳን በዚህችው በሰቆጣ ስም ተጠርቶአል። በረኃብ ምክንያት ስሟ የታወቀ ከተማ ልጅ መሆን ደስ አያሰኝም፤ ቢሆንም ቃሉ የተገባው ለኛ ልጆች ነውና አፍረን ልንሸሸው አይገባም።

እንግዲህ ከላይ ያለው ሹም ቃል ይገባል፤ መርከብና መኪናም እህሉን ያመጣሉ። ይህ ሁሉ ግን በመጨረሻ አንድ ጠረጴዛ ዘንድ ይደርሳል፤ ከጠረጴዛውም ኋላ አንተን የመሰለ ፊደል የቈጠረ ሰው ተቀምጦአል።

በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ ያለውን ታሪክ እስቲ መርምር። በኢየሩሳሌም የነበረችው ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ለመበለቶች ምግብ ታካፍል ነበር። እህል እንዳጠረ አልተጻፈም፤ የሚያካፍሉትም ሰዎች እንደ ሰረቁ አልተጻፈም። ነገር ግን የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች ይዘነጉ ነበር፤ ስለዚህ ማጕረምረም ሆነ። ሐዋርያት ያጕረመረሙትን አልገሠጹአቸውም፤ መልካም ስም ያላቸው ሰባት ሰዎች ተመርጠው በዚህ ሥራ ላይ እንዲሾሙ አደረጉ እንጂ። የሰባቱን ስም ብትመለከት ሁሉም የግሪክ ስም ነው። እንደሚመስለኝ ጕባኤው ሥራውን የሰጠው የተዘነጉትን ሴቶች ቋንቋ ለሚያውቁ ሰዎች ነበር።

ይህን የምጽፍልህ ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። በ2014 ዓ. ም. በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ በሰቆጣና በወለህ ተጠልሎ ነበር። እኔም በፈቃዴ ከስም ጻፊዎች አንዱ ሆንሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በልጅነቴ ስለ ጽሕፈቴ እመሰገን ነበርና፥ አልደብቅህም፥ መዝገቤ ንጹሕ በመሆኑ በልቤ እመካ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በፊቴ ቆሙ። የእኒህ እናት ቋንቋ ኽምጣና የሚባለው የዋግ አገውኛ ነው፤ አማርኛ ጥቂት ይሰማሉ። እኔ ግን ከኽምጣና ከሰላምታ በቀር አላውቅም። «እናቴ፥ ስንት ልጆች አሉዎት?» አልኋቸው። «የሉኝም» አሉኝ። አንድ ነፍስ ብዬ ጻፍሁና ወደሚቀጥለው ሰው አለፍሁ። ሰልፉ ረጅም ነበርና ፊታቸውን ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። በመጠለያው ውስጥ ሕፃናትን ፊደል የምታስቈጥር አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ኽምጣና የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነው። እርስዋም ወደኔ መጥታ፥ «ጋሼ፥ እኒያን እማማ አንድ ብለው የጻፏቸው ለምንድን ነው?» አለችኝ። እኔም ተቈጣሁ። «የሉኝም ያሉኝ እርሳቸው ናቸው፤ የሰማሁትን ጻፍሁ» አልኋት። ልጅቱም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «ልጆቻቸውማ ሞተዋል፤ ከእርሳቸው ጋራ ያሉት ሦስት የልጅ ልጆች ናቸው። እርስዎ ስለ ልጅ ጠየቋቸው፥ እርሳቸውም ስለ ልጅ መለሱ» አለችኝ። የአንድ ሰው ድርሻ ለአራት አፍ ሲከፈል ሰንብቶ ነበር። መዝገቡን ለማሳረም ብሮጥም የወሩ ቍጥር አስቀድሞ ተልኮ ነበርና እስከሚቀጥለው እደላ አልታረመም። ከቤቴ ጥቂት እህል ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ነገር ግን ይህን እንደ ምጽዋት አትቍጠርልኝ፤ የኔው ብዕር ከወሰደባቸው ላይ ጥቂቱን መመለስ ነበር።

እነሆ፥ ማንንም አልሰረቅሁም፤ ዘመድም አላስቀደምሁም። ስለ ድኻ ገንዘብ የምንሰብከው ስብከት ሁሉ ስለ ሌባ ነው፤ በቸኰለ እጅ የሚጠፋውን ግን የሚቈጥረው የለም። ስለዚህ አንተ በቀበሌው ኮሚቴ፥ በእድርህ ወይም በቀይ መስቀል ዘንድ ለማገልገል ስትገባ፥ ከስሕተቴ የተማርሁትን ልንገርህ። «ስንት ልጅ አለህ?» ብለህ አትጠይቅ፤ «ከአንድ መሶብ የምትበሉ ስንት ናችሁ?» በል፥ ስማቸውንም አንድ በአንድ አስጠራ። የጻፍኸውን ለባለ ጉዳዩ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት፤ ማንበብ የማይችል ሰው መስማት ይችላልና። ቋንቋውን የማታውቅ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው በአጠገብህ ሳይቀመጥ ብዕርህን አታንሣ። የዘመድህ ተራ ሲደርስ ብዕሩን ለባልንጀራህ ስጠው። ሰልፉም ካለቀ በኋላ ያልመጡትን በየማደሪያቸው ፈልጋቸው፤ ዓይነ ስውሩና አራስዋ በሰልፍ አይገኙም፥ ረኃብ እጅግ የጸናበትም ሰው መቆም አይችልምና።

ሰባኪ ነኝና ስለ እምነት አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ጠረጴዛ ፊት ኦርቶዶክሱም እስላሙም ከኛ ጋራ የሚጸልየውም በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ስለ ሃይማኖቱ ጠይቀህ እህል የምትሰፍር ከሆነ ጠረጴዛውን ልቀቅ። እኔም በእደላ ቀን የስብከት ወረቀት ይዤ እንዳልወጣ ለራሴ ደንብ አድርጌአለሁ። የተራበ ሰው ለማንም ስብከት አዎን ይላል፤ ያ አዎንታ ግን የሆዱ ነው፤ በእርሱ ደስ የሚለው ሰባኪም ራሱን ያታልላል።

ጊዜን ስለ መስጠትም ጥቂት ልበል። በየክረምቱ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ ወጥተው የአረጋውያንን ቤት ሲጠግኑ፥ ችግኝ ሲተክሉ፥ ደምም ሲለግሱ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ያ ቤት ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በነሐሴ ጣራው ሲያፈስ ግን ተመልሶ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ ሳትሰማ አትቀርም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ በመንገድ የረኃቡን ጕዳት አዩ፤ ስንቃቸውን ሰጡ፥ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ፤ በዚህም ምክንያት ከትዳራቸው ተለያዩ። እስከ ዕረፍታቸው ድረስ፥ ይኸውም እስከ 2013 ዓ. ም.፥ 40 ዓመት ያህል በዚሁ ሥራ ኖሩ። ስለ እርሳቸው ሲነገር ሁሉ የሚያነሣው በመንገድ ላይ ያዘኑትን ኀዘን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ለሃያ አንድ ልጆች የጧት ቍርስ፥ የትምህርት ቤት ምዝገባ፥ የታመመውን ሐኪም ቤት ማድረስ፥ በማግሥቱም ያንኑ መድገም። አንተ 40 ዓመት አልተጠየቅህም። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለአንድ ዓመት ያህል ሳታቋርጥ ብትሰጥ፥ ለምሳሌ የአንድ እድር ሂሳብ ብትይዝ ወይም ለመጠለያ ልጆች ፊደል ብታስቈጥር፥ ከአንድ የክረምት ዘመቻ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ወደ እኒያ እናት ልመለስ። በሚቀጥለው የምዝገባ ቀን ያቺ ተማሪ በአጠገቤ ተቀመጠች። እርስዋ ትጠይቃለች፥ እኔ እጽፋለሁ። ሰልፉ እንደ ወትሮው አልፈጠነም፤ ከኋላ የሚቈጡም ነበሩ። እናቲቱ ተራቸው ሲደርስ የልጅ ልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ተናገሩ። ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ልጅቱ በቋንቋቸው አነበበችላቸው፤ እርሳቸውም ጣታቸውን እያጠፉ ቈጠሩ። አራተኛውን ጣት ካጠፉ በኋላ ወደ መዝገቡ ጐንበስ ብለው ስማቸው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቁኝ። በብዕሬ ጫፍ አሳየኋቸው።