ሙዚቃን ሰምቶ ለባልንጀራ ስለ መንገር

የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ወደ ነገሌ ቦረና፥ ወደ ያቤሎ፥ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ የምንወርድ ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ከመጻሕፍቱ ጋር በስልካችን የተቀዳ ሙዚቃ ይዘን እንሄዳለን፤ ከዚያም መካከል ክላሲካል የሚባለው ይገኝበታል። ማታ ከጓደኞች ጋር ተቀምጠን ስንሰማው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይደርሳል። ሙዚቃው ሲያልቅ አንዱ «ጥሩ ነው» ይላል፤ ሌላው «እንቅልፍ ያመጣል» ይላል፤ ነገሩም በዚሁ ይቀራል። ከዚህ አልፎ እንዴት መነጋገር እንደሚቻል በአጭሩ እንመልከት።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። «ደስ አለኝ» ማለት ስለ ራስ መናገር ነው፤ ሰሚው ሊያምነው ወይም ሊተወው ይችላል እንጂ ሊመረምረው አይችልም። «እዚህ ላይ ሁሉም ዝም ብለው አንዱ ብቻ ሲቀር ደስ አለኝ» ብንል ግን ባልንጀራችን ጆሮውን ወደዚያው ቦታ ይመልሳል፤ እውነት ከሆነ ይቀበለናል፤ ካልሆነም ይከራከረናል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ የሰማነውን፥ ቀጥሎ የተሰማንን መናገር ነው።

የሰማነውን ለመናገር ደግሞ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታ አይደለም። አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ማን ጀመረ፥ ማንስ ተቀበለ? ምን ነገር ተደጋገመ? የተደጋገመው የት ላይ ተለወጠ? ዝምታውስ የት ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች በቤቶቨን 5ኛ ሲምፎኒ ላይ እንሞክራቸው። ይህ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተሰማው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1808 በቪዬና ከተማ ነው። የሚጀምረው በአራት ድምፆች ነው፤ ሦስቱ አጫጭር ሲሆኑ አራተኛው ረጅም ነው። ያው ነገር ዝቅ ብሎ ይደገምና ጥቂት ዝምታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ቀስ ይልና አራቱን ድምፆች ሁለተኞቹ ቪዮሊኖች ይጀምሯቸዋል፤ ቪዮላዎቹ ይቀበሏቸዋል፤ ከእነርሱም የመጀመሪያዎቹ ቪዮሊኖች ይወስዷቸዋል። አንዱ ይሰጣል፥ ሌላው ይቀበላል፤ የሚተላለፈውም ነገር መሬት አይወድቅም።

የቦረና ልጅ ይህን አሠራር ከማናችንም በፊት ያውቀዋል። ዘጠኙ ቱላ በመባል በታወቁት ጥልቅ ኤላዎች፥ ለምሳሌ በዱብሉቅ፥ ሰዎች ከታች እስከ ላይ በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ይቆማሉ። ኦኮሌ የሚባለው የቆዳ መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ይወጣል፤ ውሃው ከብቶቹ በሚጠጡበት ገንዳ ይፈስሳል፤ ባዶው ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በዘፈን ነው። አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የሚወረውረውና የሚቀልበው እጅ ጊዜውን የሚጠብቀው በዜማው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያደገ ሰው ስለ 5ኛው ሲምፎኒ «ኦኮሌው እየወጣ ነው» ቢለን፥ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ሙዚቃው እንዴት እንደ ተሠራ አስረድቶናል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ተማሪ በእኛ መካከል ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ክላሲካል ሙዚቃ የሌሎች ነው፥ ስለ እርሱ ለመናገርም የሌሎች ቃል ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። ይህ ዝምታ የሚጎዳው እርሱን ብቻ አይደለም፤ እኛም ልንሰማው የሚገባንን እናጣለን።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1923 አዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቪዮሊን ተማሩ፤ በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያም ምንኵስናን መረጡ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ። በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። የፒያኖ ሥራቸውን አብረው ከሰሙት ሁለት ሰዎች አንዱ «ይህ ትዝታ ነው» ሲል፥ ሁለተኛው «የለም፥ ይህ የአውሮፓ ፒያኖ ነው» ሊል ይችላል። የመጀመሪያው የዜማውን ቅኝት እየሰማ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሁለቱ እጆች የሚሄዱበትን መንገድ እየሰማ ነው። እያንዳንዱ የሰማውን ቦታ በጣቱ ካሳየ ሁለቱም ትክክል መሆናቸው ይገለጣል፤ ክርክሩም ትምህርት ይሆናል።

ስለ መሣሪያውም አንድ ቃል እንጨምር። አርቱር ኒኪሽ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን እየመራ በ1913 ይህንኑ 5ኛ ሲምፎኒ ሲያስቀርጽ፥ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበርና ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጀው ሥራ በብዙ ገጽ ተከፋፈለ። በ1948 በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረው ረጅሙ ሸክላ ሲወጣ ይህ ችግር ቀለለ። በጥንቱ ዘመን ግን ሸክላው እስኪገለበጥ ድረስ ሰሚዎች ስለ ሰሙት ለመነጋገር ጊዜ ነበራቸው። ስልክ በራሱ አይቆምልንም፤ እኛው ልናቆመው ይገባል።

ስልክ ሌላም ጉድለት አለው። የ5ኛው ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል የሚጀምረው በቼሎና በኮንትራባስ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ግን ይህን ዝቅተኛ ድምፅ በሚገባ አያወጣም። በትልቅ ድምፅ ማጉያ የሰማው ሰው «በጨለማ የሚራመድ ሰው ሰማሁ» ሲል፥ በስልክ የሰማው «ገና አልጀመረም» ይላል። ስለዚህ ከመከራከር በፊት በምን እንደ ሰማን እንንገር፤ በጆሮ ላይ የሚደረገው ማዳመጫ ከስልኩ ማጉያ የተሻለ ነው።

በመጨረሻም ነገሩ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ መሆን አለበት። ቤቶቨንን ወደ ነገሌ ከወሰድን፥ የኤላውን ዘፈን ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ማምጣት ይገባናል። የውሃ መሳቢያ ሞተር በገባበት ሁሉ የሰው ሰንሰለት አያስፈልግም፤ ሴትም ወንድም ከዚያ ከባድ ድካም ማረፉ መልካም ነው። ነገር ግን ሥራው ሲቀር ሥራው የወለደው ዘፈንም የሚዘፈንበትን ቦታ ያጣል። የኤላውን አባቶች አስፈቅደን እንቅዳ፤ ቦታውንና ቀኑን እንጻፍ፤ ከዚያም በማዳመጫ ክበባችን ውስጥ ከሲምፎኒው ጎን አስቀምጠን ያንኑ አራት ጥያቄ እንጠይቅ። ማን ጀመረ፥ ማንስ ተቀበለ? ምን ተደጋገመ? የት ተለወጠ? የት ዝም አለ? መልሱን ከሁሉ አስቀድሞ ሊነግረን የሚችለው እስካሁን ዝም ብሎ የተቀመጠው ባልንጀራችን ነውና፥ በመጀመሪያ እርሱን እንጠይቀው።