የስንዴ ዋግን በስልክ ፎቶ መለየት፦ ከመርጨታችን በፊት ምን እናረጋግጥ?

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሞዴል አርሶ አደሮች ከቅጠል ፎቶ በሽታ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚሳሳት ተረድተው፣ ውጤቱን ማሳ ላይ እንዲያረጋግጡ ማስቻል።

1. መግቢያ

ዋግ በነፋስ ከማሳ ማሳ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ ነው። በ2006 ዓ.ም. የምርት ዘመን በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ ክፉኛ ጎድቶታል። ቀድሞ ከተደረሰበት በፀረ ፈንገስ ኬሚካል መከላከል ይቻላል፤ ከዘገየ ርጭቱ ምርቱን አያድነውም። በሌላ በኩል ዋግ ያልሆነውን ዋግ ነው ብሎ መርጨት ለኬሚካልና ለጉልበት የወጣውን ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለቱም ስሕተት ያከስራል።

2. ኮምፒውተር እንዴት ይማራል?

ልጅ ሲናርን ከስንዴ መለየት የሚችለው አረም ሲያርም ደጋግሞ አይቶ፣ ሲሳሳትም ታርሞ ነው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ባለሙያዎች “ይህ ጤነኛ ነው፣ ይህ የታመመ ነው” ብለው የለዩአቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ያሳዩታል፤ ሲሳሳት እየታረመ ልዩነቱን ይለምዳል። ይህ ዘዴ ማሽን ለርኒንግ ይባላል።

ያላየውን ግን አያውቅም። ስንዴን ያልተማረ መተግበሪያ የስንዴ ቅጠል ቢያሳዩት፣ “አላውቅም” በማለት ፈንታ ከሚያውቃቸው በሽታዎች የአንዱን ስም ሊሰጥ ይችላል።

3. የት ላይ ይሳሳታል?

ሀ) ፎቶው ከተማረበት ሲለይ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በ54,306 የቅጠል ፎቶዎች ኮምፒውተር አስተምረው ነበር። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ፣ ወጥ ቀለም ባለው ነገር ላይ ተደርገው የተነሱ ነበሩ። በተመሳሳይ ፎቶዎች ሲፈተን ከ100ው ከ99 በላይ አገኘ። ከሌላ ቦታ በመጡ ፎቶዎች ሲፈተን ግን ወደ 31 ገደማ ወረደ። ከተማራቸው 14 ሰብሎች መካከልም ስንዴ አልነበረም።

ለ) በሽታው ጥቂት ማሳ ላይ ብቻ ሲኖር። ለምሳሌ ከ100 ማሳ 10ሩ ታመዋል እንበል። መተግበሪያው ከታመሙት 10 ውስጥ 9ኙን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ 90 ውስጥ ደግሞ 9ኙን በስሕተት “ታመዋል” ይላል። “ታመዋል” ከተባሉት 18 ማሳዎች ግማሾቹ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። ሁሉንም ብንረጭ የግማሹ ወጪ ባከነ፤ አንድ የታመመ ማሳ ደግሞ ሳይታይ ቀረ።

4. ማሳ ላይ የሚከናወኑ ተግባራት

• መተግበሪያው የስንዴ በሽታን የተማረ መሆኑን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይጠይቁ።
• ማሳውን በዚግዛግ እየሄዱ ቢያንስ ከ5 ቦታ ፎቶ ያንሱ። ከዳር ብቻ አያንሱ።
• አንድ ቅጠል በቅርበት፣ በጥላ ውስጥ ያንሱ፤ የእጅዎ ጥላ ግን ከፊሉን ብቻ እንዳይሸፍነው። የደበዘዘውን ፎቶ ይድገሙ።
• ቅጠሉን በጣትዎ ያሹት። ዋግ ከሆነ ጣትዎ ላይ ዱቄት ይቀራል።
• ምልክቱን ያመሳክሩ፦
  – ቢጫ ዋግ፦ በቅጠሉ ርዝመት በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት።
  – የቅጠል ዋግ፦ ቅጠል ላይ የተበታተኑ ብርቱካናማ ቡናማ ክብ ነጠብጣቦች።
  – የግንድ ዋግ፦ በተለይ አገዳው ላይ ረዘም ያሉ፣ ቆዳውን ቀደው የወጡ ቀይ ቡናማ ቁስሎች።
  – የናይትሮጅን እጥረት፦ ከታችኞቹ ቅጠሎች የሚጀምር ቢጫነት፤ ዱቄት የለውም።
• ስልኩና ዓይንዎ ከተስማሙ ሳይዘገዩ ለልማት ጣቢያው አሳውቀው የኬሚካሉን ዓይነትና መጠን ይወስኑ። ካልተስማሙ ናሙናውን በዚያው ዕለት ለባለሙያ ያሳዩ።
• መተግበሪያው “ጤነኛ ነው” ቢልም በየሳምንቱ የሚደረገው አሰሳ አይቋረጥ።

5. ማጠቃለያ

መተግበሪያው የት ማሳ ቀድመን እንደምንመለከት ይጠቁመናል፤ ርጭት የሚታዘዘው ግን ማሳው ላይ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ሞዴል አርሶ አደሮች የተሳሳተባቸውንም ፎቶዎች ከትክክለኛው መልስ ጋር ለባለሙያው ይስጡ፤ ኮምፒውተሩ የአካባቢያችንን ስንዴ የሚማረው ከእነዚህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቡድናችሁ ውስጥ ዋግ ሳይሆን ዋግ ነው ተብሎ የተረጨ ማሳ ነበር? ምን ያህል ወጪ ተደረገበት?
2. ስልኩ “ጤነኛ ነው” ብሎ ጣታችሁ ላይ ዱቄት ቢቀር ምን ታደርጋላችሁ?