የደን ድንበር፦ አጸደ ቤተ ክርስቲያንን ስለ መጠበቅ

ከሐራ እስከ መርሳና ወልድያ ባለው አገር የሚጓዝ ሰው በእርሻ መካከል ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ጥላ ሲያይ፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ይህን ጥላ አባቶቻችን ጠብቀው አስረክበውናል። እኛስ ለልጆቻችን እናስረክበው ይሆን?

ስለ ደን ጥፋት ስንናገር አስቀድመን መጥረቢያን እንከሳለን። ነገር ግን አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ ደን ሊጠፋ ይችላል። ወይራውና ጽዱ ቆመው ሳሉ ከሥራቸው የበቀለውን ቡቃያ ከብትና ፍየል ከጨረሱት፣ ያረጀው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይኖረውም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ ያስረዳል፤ ከብት በማይገባበት ሥፍራ ችግኝ ይበልጥ በቅሎ ይጸድቃል። በዚያው አገር ካህናትና ምእመናን ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ደናቸውን ዙሪያውን ካቡ። ማሳው ለእርሻ ተመቸ፤ ደኑም ታጠረ።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ገዳማትና ባለርስቶች በደናቸው ዳር ቦይ እየቆፈሩ፣ አፈሩን ወደ ደኑ ወገን ይከምሩ ነበር። ከብቱ በውጭ ካለው ቦይ ሲደርስ ከፊቱ ክምሩ ይገጥመዋል። የዚህ ሥራ ፍለጋ ዛሬም በብዙ ደኖች ዳር ይታያል።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን እንዲያስቡባቸው እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ከካቡ በፊት ስምምነት ይቅደም። ድንበሩን ከአዋሳኝ ገበሬዎች፣ ከአገር ሽማግሌዎችና ከቀበሌው ጋር በእግር ዞረን በቃለ ጉባኤ እንመዝግበው። አባቶቻችንም የመሬት ስጦታን በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ የነበረው ቃል እንዳይረሳ ነው።

ሁለተኛ፣ ስምምነቱ ከፈቀደ አጥሩ ከመጨረሻው ዛፍ ጥቂት ወጣ ይበል። ግንዱን ታክኮ የተካበ ካብ ደኑ እንዳይሰፋ ያግደዋል።

ሦስተኛ፣ ድንጋይ በሌለበት ሜዳ ቦይና የአፈር ክምር ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም ቦዩ ቁልቁል ከወረደ ጎርፍ ሸለቆ ያደርገዋልና ተዳፋቱን አግድም ይከተል።

አራተኛ፣ ለምእመናን መግቢያ በር፣ ለበሩም ጠባቂ ይኑር። በር የሌለውን ካብ መንገደኛ ያፈርሰዋል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ከብትም ቢሆን በዚያ በር አይግባ።

አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ከመቀመጣችን በፊት አጸዱን አንድ ጊዜ እንዙር፤ ትልልቆቹን ዛፎች ትተን ከጉልበት በታች ያሉትን ችግኞች እንቁጠር። የደኑ የነገ ዕድል የሚታወቀው በእነርሱ ነው።