ሮኬት ለደሃ አገር ምን ያደርጋል? የህንድ ትምህርት

«ሕዝቡ ጠግቦ ሳያድር ሮኬት ምን ያደርግለታል?» የጠፈር ነገር ሲነሣ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ነገ ክፍል ስንገባም ተማሪዎቻችን ይጠይቁናል። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። እስቲ መልሱን ከህንድ እንፈልገው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1963 ቱምባ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጀመሪያው ሮኬት ተተኮሰ። ሮኬቱ አሜሪካ ሠራሽ ነበር። ቢሮው የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የሮኬት ዕቃም በብስክሌት ይጓጓዝ ነበር። የሥራው መሪ ዶክተር ቪክራም ሳራባይ ዓላማው ከሀብታም አገሮች ጋር መሽቀዳደም ሳይሆን ሳይንስን ለሕዝብ ችግር ማዋል መሆኑን ያስረዱ ነበር።

በ1975 የመጀመሪያዋ የህንድ ሳተላይት አርያብሃታ በሶቪየት ሮኬት ወጣች። በዚያው ዓመት ህንድ ከአሜሪካ በተዋሰችው ሳተላይት አማካይነት ወደ 2,400 መንደሮች የቴሌቪዥን ትምህርት ማሰራጨት ጀመረች። ገበሬው ስለ እርሻ፣ እናቶች ስለ ጤና፣ ልጆችም የትምህርት ቤት ፕሮግራም ይከታተሉ ነበር። እኛን በይበልጥ የሚመለከተን ግን፣ በሺህ የሚቆጠሩ የገጠር መምህራን የሳይንስ ሥልጠና በዚሁ መንገድ ማግኘታቸው ነው።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1979 የተተኮሰው የህንድ ሠራሽ ሮኬት ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ በ1980 ግን ሮሂኒ የተባለችውን ሳተላይት ምሕዋሯ ላይ አደረሰ። በ2019 ጨረቃ ላይ ሊያርፍ የነበረው መሣሪያ ተከሰከሰ፤ በ2023 ቻንድራያን-3 በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አቅራቢያ በሰላም አረፈ።

ታዲያ ለሕዝቡ ምን ተረፈው? በ1999 ኦዲሻን የመታው አውሎ ነፋስ ወደ 10,000 ሰው ገደለ። በ2013 ሌላ ብርቱ አውሎ ነፋስ እዚያው ሲመጣ፣ በሳተላይት ጭምር እየተከታተሉ አስቀድመው አስጠነቀቁ፤ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከባሕሩ ዳርቻ ሸሸ። የሞቱት ከመቶ በታች ነበሩ።

ሳተላይት ብቻውን ሰው አያድንም እኮ! መጠለያ የሠራ፣ በየቤቱ ዞሮ የቀሰቀሰ ሰው ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የሚረዳ ሕዝብም ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የመምህር ሥራ ነው። ስለዚህ ለተማሪው «ሮኬት ወይስ ዳቦ?» ብለን አናስመርጠው። «ሮኬቱ ለማን ይሠራል?» ብሎ እንዲጠይቅ እናስተምረው።

የመወያያ ጥያቄ፦ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ከሳተላይት የሚገኘው ጥቅም ምን ምን ነው?