ድራጎኑን ተዪውና ሰውየውን እዪው

ሚጡ፣ ስሚኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስልክሽ ላይ አፍጥጠሽ የምታነቢውን ልከለክልሽ አይደለም የመጣሁት። እኔም አንብቤዋለሁ። እማዬ «ምንድን ነው እሱ መጽሐፍ?» ስትልሽ «ስለ ጦር ትምህርት ቤት ነው» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ውሸት አልተናገርሽም፤ ግማሹን ነው የነገርሻት። ሌላውን ግማሽ እኔና አንቺ እናውራው።

እኛ ያደግነው ፍቅር በሞት ሲያልቅ እያነበብን ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» መድረሻውን ገና ከርዕሱ ነግሮን ነው የምንጀምረው። ስለዚህ ሁለቱ ተገናኝተው፣ ተሳስቀው የሚያልቅ መጽሐፍ ሲገጥመን የልጅ ጨዋታ ይመስለናል። አይደለም። የአሜሪካ የፍቅር ልብወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘርፉ የሰጠው ፍቺ ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀው፦ ታሪኩ በፍቅሩ ላይ ይቁም፣ መጨረሻውም ልብ የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። አንባቢዋ ገንዘቧን የምትከፍለው ይህን አውቃ ነው። መጨረሻው ከታወቀ ታዲያ የሚቀረው መንገዱ ነው፤ መንገዱን ደግሞ እኔ በአንድ ጥያቄ እለካዋለሁ። ሰውየው ከክፍሉ ሲወጣ ልጅቷ ምን ትሠራለች?

ይህን ይዘሽ ወደ «ፎርዝ ዊንግ» ነይ። ሬቤካ ያሮስ በ2023 ያወጣችው ነው፤ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። ቫዮሌት ዕድሜዋን ሙሉ መዝገብ ቤት ገብታ ጸሐፊ ለመሆን ስትዘጋጅ ኖራ፣ ጄኔራል እናቷ በግድ ድራጎን ጋላቢዎች መሃል ትጥላታለች። መገጣጠሚያዋ በትንሽ በትልቁ የሚወልቅ ልጅ ናት። ያሮስ ራሷ የኤህለርስ ዳንሎስ ሕመም አለባት፤ የቫዮሌትን አካል የጻፈችው ከራሷ ቀድታ ነው፤ ሕመሙ ለጌጥ የገባ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ደግሞ ልጅቷ የምትሠራው አላት! ጉልበት እንደሌላት ስታውቅ ከፍልሚያው በፊት ተጋጣሚዋን በመርዝ ታዳክማለች። ፍቅረኛዋ የሚሆነው ዜደን ይኑር አይኑር፣ ጭንቅላቷ ሥራ አይፈታም። እዚህ ላይ ማርክ ሰጥቻታለሁ።

አንቺ ዜደን ዜደን ስትዪ ያላየሽው ሰው ግን አለ። ዴይን። አብሮ አደጓ፣ ጨዋ፣ ደንብ አክባሪ፣ «አንቺ እዚህ ትሞቻለሽ፣ ውጪ» እያለ የሚለምናት። እስኪ ንገሪኝ፣ መጀመሪያ ላይ ደግ አልመሰለሽም? ሲነካት ትዝታዋን ማንበብ የሚችል ሰው ነው፤ በመጨረሻ ሳያስፈቅድ ሲያነብባት እንደኖረ ታወቀ። ስልክሽን ተቀብሎ መልእክት የሚበረብር «ለደኅንነትሽ ብዬ ነው» ባይ ማለት እሱ ነው። ያሮስ ይህን በጭካኔ መልክ አለማምጣቷን ወድጄላታለሁ፤ አሳቢ መስሎ መምጣቱ ነው ነገሩን እውነት ያደረገው።

ሁለተኛው መጽሐፍ ግን ያሳዝናል። በዚያው ዓመት፣ ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ ነው የወጣው፤ ጥድፊያው ይታያል። ከስድስት መቶ ገጽ በላይ ሆኖ ጭቅጭቁ አንድ ነው፦ «ለምን አልነገርከኝም?» «ለምን አልጠየቅሽኝም?» ቁጭ ብለው አንድ ሲኒ ቡና ቢጠጡ ግማሹ መጽሐፍ ይቀር ነበር። ሦስተኛው በ2025 ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ2.7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ይህን ያህል ሰው ገዛው ማለት ግን አንቺ መጨረስ አለብሽ ማለት አይደለም። ከሰለቸሽ ዝጊው፤ ፈተና የለበትም።

የሣራ ጄ. ማስን ደግሞ ሌላ ጊዜ በጀመርኩልሽ ኖሮ፣ ግን አንቺ ቀድመሽኛል። «ኤ ኮርት ኦቭ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ» በ2015 ሲወጣ ለወጣቶች ተብሎ ነበር፤ በ2020 አሳታሚው ሽፋኑን ቀይሮ የአዋቂዎች መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ስለዚህ ለአክስታችን ትንሿ ልጅ እንዳትልኪላት። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነሽ፣ እሷ ስምንተኛ ክፍል ናት።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ግማሹ ድረስ እንቅልፍ ያመጣል። ይህን ስል የሚቆጡኝ ብዙ ናቸው፣ ይቆጡ። ሁለተኛው ነው ዋናው። ባለታሪኳ ፌይራ ልትሞትለት የደረሰችለት ታምሊን፣ ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ «ልጠብቅሽ» ብሎ ቤት ይዘጋባታል። እሷ ከስታ፣ ሌሊት ሌሊት እያስመለሳት፣ እሱ አጠገቧ ተኝቶ እንዳላየ ይሆናል። አንድ ደራሲ በመጀመሪያው መጽሐፍ ያስወደደችንን ሰው በሁለተኛው እንድንተወው ማድረጓ ድፍረት ነው። የተማለለት ፍቅርም ሊቀር ይችላል ማለቷ ነው። በኋላ የምትወደው ሪሳንድ ደግሞ ማንበብ የማትችለውን ልጅ ፊደል ያስቆጥራታል፤ ከክንፉም ከቤተ መንግሥቱም እኔን የገዛኝ ይህ ነው።

ግን ቀስ በዪ። ይኸው ሪሳንድ በመጀመሪያው መጽሐፍ ወይን እያጠጣ፣ ራሷን ስታ፣ ሰው ፊት ያስደንሳት ነበር። በኋላ «ለእሷ ብሎ ነው» ተባለና ታለፈ። በ2021 በወጣው መጽሐፍ ደግሞ እርግዝናዋ ሊገድላት እንደሚችል ያውቃል፤ ለሌላው ሁሉ ተነግሮ ለእሷ አይነገራትም። ታምሊን ሲዘጋባት ግፍ፣ ሪሳንድ ሲደብቃት ፍቅር? ደራሲዋ የወደደችውን ሰው ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አቅቷታል። አንቺ ግን አስቀምጪው፤ ታሪኩን መውደድሽ አይቀርብሽም። (ዕድሜውን ደግሞ ተዪው። ሲተዋወቁ እሷ 19፣ እሱ ከ500 በላይ! አንቺ አሥር ዓመት የሚበልጥሽን ብታመጪ አባዬ ቤቱን በሽማግሌ ይሞላው ነበር።)

ኮሊን ሁቨር ላይ እንኳን ከአንቺ ጋር አልስማማም። «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» በ2016 ወጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ ቲክቶክ ነው ያነሣው፤ በ2024 ፊልም ሆነ። አንቺ «ያስለቅሳል» አልሽ፤ እኔ ዓረፍተ ነገሩ ቀላል፣ አትላስ የሚባለው ልጅም ሰማይ የላከው ይመስል በጎደለ ቦታ ሁሉ ከተፍ የሚል ሆኖብኛል። አንድ ነገር ግን አልነሳትም። ባለታሪኳ ሊሊ የምታገባው ራይል መጀመሪያ ላይ በእውነት ይወደዳል። የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ተጫዋች፣ አፍቃሪ። የመጀመሪያውን ምት ሲሰነዝር አንባቢዋም ከሊሊ ጋር ሆና «በድንገት ነው፣ ደንግጦ ነው» ትላለች፤ ያኔ ነው ሁቨር እጅ ከፍንጅ የምትይዘን። ታሪኩን ከእናቷ ሕይወት ተነሥታ ነው የጻፈችው። እኔን ያስቆመኝ ደግሞ የሊሊ እናት ናት። ራሷ ስትደበደብ የኖረች ሴት ናት፣ ልጇ ስትነግራት ግን «ቻይው» አላለቻትም። በእኛ ሰፈር ስንት እናት፣ ስንት ሽማግሌ «ለልጅሽ ስትዪ» ብሎ መለሰ? ሊሊ ልጇን አቅፋ የወሰነችው ተቃራኒውን ነው፤ ለልጇ ስትል ፈታችው።

ይህን መጽሐፍ ግን «የፍቅር መጽሐፍ ነው» ብለሽ ለጓደኛሽ አትስጪ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ከመጽሐፉ የተወሰደ የቀለም መቀቢያ ደብተር ሊወጣ ታስቦ፣ አንባቢ ሲቆጣ ተሰርዟል። ተገቢ ቁጣ ነበር። ምን ልትቀቢ ነው? ከደረጃ የወደቀችውን ሴት? ሪባን አስረው ሲሸጡት ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ለማረፍ ከፈለግሽ ኤሚሊ ሄንሪ አለችልሽ። ብዙ ጽፋለች፣ ሁሉም እኩል አይደሉም፤ የ2022ቱን «ቡክ ላቨርስ» ጀምሪ። ኖራ በኒው ዮርክ የደራስያን ወኪል ናት፤ በሌሎች ታሪኮች ውስጥ ወንዱ ለገጠሯ ልጅ ሲል ጥሏት የሚሄደው ያችኛዋ፣ ጫማዋ ባለ ረጅም ተረከዝ፣ ስልኳ ከእጇ የማይወርድ። ሄንሪ እሷን ዋና አደረገቻት፤ ሥራዋንም ከተማዋንም አላስጣለቻትም። የልብ ታሪኩ ደግሞ የእሷና የታናሽ እህቷ የሊቢ ነው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ኖራ ሁሉን ልሸከም እያለች ታናሿን ታፍናታለች። ሊቢ በመጨረሻ የምትላትን ሸምድደሽ እኔ ላይ እንዳታመጪው።

«ሌጀንድስ ኤንድ ላቴስ» ስለሚሉትም ጠይቀሽኝ ነበር። የትራቪስ ባልድሪ ነው፣ 2022። ሰይፏን ሰቅላ፣ ቡና በማያውቅ ከተማ ቡና ቤት የምትከፍት፣ ኦርክ የሚሏት የተረት ፍጡር ናት ባለታሪኳ። ብዙም የሚሆን ነገር የለም፤ ያ ነው ውበቱ። ለትኩሳት ቀን ይሆናል። ዕጣን የለ፣ ፈንዲሻ የለ፣ ሁለተኛ የለ፣ በረካ የለ፤ ያም ሆኖ ይቅር ብያቸዋለሁ፣ ኬካቸው ጥሩ ይመስላል።

አሁን የምሰጥሽን ግን ሳትጨርሺ ሌላ እንዳትጀምሪ። የቲ. ኪንግፊሸር «ኔትል ኤንድ ቦን»፤ በ2022 ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት የሁጎን ሽልማት በምርጥ ልብወለድ ወስዷል። ማራ ሦስተኛ ልዕልት ናት፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ገዳም ውስጥ ጥልፍ የምትጠልፍ። ታላቅ እህቷ ከአንድ ልዑል ጋር ተጋብታ ሞታለች፤ ሁለተኛዋን ለዚያው ልዑል ዳሯት፣ እሷንም ይደበድባታል። መንግሥታቸው ትንሽ ስለሆነ ወላጆቿም አቤት የሚሉበት የለም። ስለዚህ ማራ ሰውየውን ልትገድለው ትነሣለች። ከአጥንት ውሻ ትሠራለች፤ ሕያው ሆኖ ጭራውን ይቆላል። በሳማ እጇ እየተቃጠለ ካባ ትሰፋለች። ፍቅር አለው ወይ ትዪኛለሽ። አለው፤ ፌንሪስ የሚባል፣ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ ወታደር አለ፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ሲነግሩት ይሰማል፣ «ተዪው፣ እኔ ልግደለው» ብሎ ጉዳዩን አይቀማትም። ጥቁር ክንፍ የለውም፣ ቤተ መንግሥትም የለውም። ከዜደንና ከሪሳንድ ጋር አስተያዪውና የትኛው እንደሚሻል ራስሽ ፍረጂ።

ገጹ ትንሽ ነው፣ በቅዳሜና እሁድ ያልቃል። ስትጨርሺ ደውዪልኝ፤ ውስጡ ሰይጣን ያደረባት ዶሮ አለች፣ ስለ እሷ የማወራው ሰው አጥቻለሁ።