ጨጓራው ቢያንስም ፕሮቲኑ እንዳያንስ

ከኦፕራሲዮን ለተመለሰ ሰው መቱ ላይ መጀመሪያ የሚቀርበው መረቅ ነው። ጎረቤት ዶሮ ይዞ ይመጣል፣ ዶሮዋ ትቀቀላለች፣ ታማሚው ውሃውን ይጠጣል፣ ሥጋውን ቤተሰብ ይበላል። ደግነቱ አይካድም፤ ፕሮቲኑ ግን የሄደው ወደ ቤተሰቡ ነው። መረቅ ጨውና ውሃ ይተካል፣ ሆድ ያሞቃል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ግን እጅግ ጥቂት ነው። ክብደት ለመቀነስ ጨጓራውን ያሳነሰ ሰው ደግሞ ሆዱ የሚችለው ትንሽ ስለሆነ፣ ያቺን ትንሽ ቦታ በመረቅ ከሞላት ለሌላው አይተርፈውም።

ከኢሉባቦር ለዚህ ኦፕራሲዮን የሚሄድ ሰው በአብዛኛው አዲስ አበባ ወዳሉ የግል ሆስፒታሎች ነው የሚያመራው። አቅም ያለው ወይም ውጭ ዘመድ ያለው ወደ ህንድና ቱርክ ይሄዳል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ አሠርተው ቤተሰብ ለመጠየቅ መቱ፣ ጎሬና በደሌ የሚመጡም አሉ። ሲሸኙ የሚሰጣቸው የምግብ ዝርዝር ብዙ ጊዜ መቱ ገበያ ላይ በማይገኝ ነገር የተሞላ ነው፦ የግሪክ እርጎ፣ ኮቴጅ ቺዝ፣ የፕሮቲን ሼክ። ዝርዝሩን አይጣሉት፣ አይደንግጡበትም። አይብ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ወተትና ዶሮ ባለበት አገር ፕሮቲን አይታጣም። መለወጥ ያለበት አሠራሩና ቅደም ተከተሉ ነው።

መጠኑን ማወቅ

ስሊቭም ሆነ ባይፓስ የተባለው ጨጓራን የማሳነሻ ኦፕራሲዮን ለተደረገለት ሰው በአብዛኛው የሚታዘዘው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ለአንዳንዱ እስከ 80 ግራምና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የራስዎን ቁጥር ከሐኪምዎ ይጠይቁ፤ በተለይ የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ሳይጠይቁ እንዳይጀምሩ። ፕሮቲኑ ሁለት ሥራ አለው፤ የተሰፋውን ቁስል ያጠግጋል፣ ሰውነት ሲከሳ ደግሞ ከስቡ ይልቅ ጡንቻው እንዳያልቅ ይከላከላል። ከጡንቻው የከሳ ሰው ሚዛን ላይ ደስ ይለዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።

መለኪያዎ የቡና ሲኒ ይሁን። ቡና አገር ውስጥ ሲኒ የሌለው ቤት የለም፤ አብዛኛውም ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ከመድኃኒት ቤት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝተው የራስዎን ሲኒ በውሃ ይለኩ፣ ያንኑ ሲኒ ለብቻው ያስቀምጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ማዕድ ማለት እሱ ነው፤ ባይፓስ ለተሠራለት ሰው መጀመሪያ ላይ ግማሹም ይበቃዋል።

ከአዲስ አበባ ሲመለሱ

መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሳፈሩ። ከፈቀደም መኪናው በቆመበት ሁሉ ወርደው ይራመዱ፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ውስጥ ደም ያረጋል። ውሃ በእጅዎ ይዘው በየአምስት ደቂቃው አንድ ጉንጭ ይጎንጩ። ሽንት ቤት ፍለጋ ያስቸግራል ብለው ሳይጠጡ የሚጓዙ ሰዎች አሉ፤ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ሰውን ቶሎ ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ የውሃ እጥረት ነው። ለመንገድ የሚሆነው ወተት ወይም ሐኪሙ ያዘዘው ፈሳሽ በፔርሙዝ ነው። መንገድ ላይ ምሳ ቤት ገብተው «ትንሽ ልቅመስ» አይበሉ።

ደረጃ በደረጃ

የሚከተለው የተለመደው አካሄድ ነው፤ የእርስዎ ሐኪም ሌላ ቀን ከሰጠ የእሱን ይከተሉ።

ሁለቱ የመጀመሪያ ሳምንታት የፈሳሽ ናቸው። እዚህ ላይ አጥሚት ይመጣል። አጥሚት መልካም ነው፣ ግን አብዛኛው ስታርች ነው፤ ስኳርና ማር ሲጨመርበት ደግሞ ባይፓስ ለተሠራለት ሰው መዘዝ አለው። ስኳሩ በፍጥነት ወደ አንጀት ስለሚወርድ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። የኢሉባቦር ማር ስሙ ቢነሣም ለጊዜው ይቆይ። አጥሚቱን ቀጭን አድርገው፣ አጥልለው፣ በውሃ ፈንታ በወተት ያፍሉት።

ወተቱንም ማበልጸግ ይቻላል። አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። አፍልተው ለብ ሲል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ የዱቄት ወተት ቢበጠብጡበት 12 ግራም ይደርሳል፤ መጠኑ ግን አይጨምርም። ጥሬ ወተት አይጠጡ። ወተት የሚነፋዎት ወይም የሚያስቀምጥዎት ከሆነ ወደ እርጎ ይዙሩ፤ ሲረጋ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የለሰለሰ ምግብ ነው፤ ሥራውም ያለው እዚህ ነው። መጀመሪያ አይብ። የሐበሻ አይብ 14 ከመቶ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው፣ ስቡ ደግሞ 2 ከመቶ አይሞላም። በዓለም ገበያ በውድ የሚሸጠው «ዝቅተኛ ስብ፣ ከፍተኛ ፕሮቲን» የሚባል ምግብ ከዚህ አይበልጥም። አንድ ሲኒ አይብ 10 ግራም ገደማ ይሰጥዎታል። ቤት የተሠራ፣ ትኩስ፣ ሚጥሚጣና ቅቤ ያልነካው ይሁን፤ በአንድ ማንኪያ እርጎ አሽተው እንደ ክሬም ያለስልሱት። ቀጥሎ እንቁላል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነች 5 ግራም ብለው ይቁጠሯት፣ የፈረንጇን 6። በትንሽ ወተት ተመትታ በዝግታ እሳት፣ ሳትደርቅ ትውረድ፤ የደረቀ እንቁላል ፍርፍር ደረት ላይ ይቆማል።

ዶሮዋ ትዕግሥት ትፈልጋለች። የሐበሻ ዶሮ ሥጋ ጠንካራ ስለሆነ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ትቀቀል። ቆዳውን አውጥተው የፈራረሰውን ሥጋ ለብቻው ይለቅሙ። መብራት ካለ ብሌንደር፣ ከሌለ ሙቀጫ። እየወቀጡ መረቁን በማንኪያ ጠብ ያድርጉበት፤ መረቅ እዚህ ላይ ነው ቦታው። ከዚያ በወንፊት ያሳልፉት። በሁለት ጣት መካከል ሲያሹት ክር የሚመስል ነገር ከተገኘ ገና ነው፣ ይመለስ። አንድ ሲኒ ወፈር ያለ እንዲህ ያለ ሥጋ 12 ግራም ያህል ይሰጣል። ምስር ክክም በዚሁ መንገድ በስሎ፣ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ በሲኒ 6 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ በርበሬና የበዛ ዘይት ሳይገባበት።

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ነገር ይፈቀዳል፤ ከጋምቤላ በኩል ትኩስ ዓሣ ካገኙ ከሥጋ ሁሉ ቀድሞ የሚስማማው እሱ ነው፣ እሾሁን ብቻ ይጠንቀቁ። የተፈጨ ሥጋ ቀይ ወጥ ሳይሆን በአልጫ ይከተላል። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ይቅር። እንጀራ፣ ገንፎና ዳቦ እስከ መጨረሻ ይቆያሉ፤ ተያይዘው ሊጥ ስለሚሆኑ መውጫው ላይ ይደፍናሉ፤ ቦታም ይሻማሉ።

ስለ አንጮቴ ሳልናገር ባልፍ የኢሉባቦር እናቶች አይለቁኝም። ለተሰበረ ሰው፣ ለአራስ፣ ለታመመ ሁሉ አንጮቴ ይሰጣል፤ ካልሲየም አለው፣ የአገሩም ክብር ነው። በፕሮቲን በኩል ግን 100 ግራሙ 3 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚይዝ አይብን አይተካም። በስሎ የተፈጨ አንድ ማንኪያ አንጮቴ ከአይቡ ጎን ይቀመጥ፤ አይቡ ግን ቀድሞ ይለቅ።

የአንድ ቀን ማዕድ

በአራተኛው ሳምንት ቀኑ እንዲህ ሊሄድ ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓት አንድ እንቁላል። 3 ሰዓት ግማሽ ብርጭቆ የበለጸገ ወተት። 5 ሰዓት ሌላ እንቁላል። 7 ሰዓት አንድ ሲኒ አይብ። 9 ሰዓት ወተቱ ይደገም። 11 ሰዓት ግማሽ ብርጭቆ እርጎ። ምሽት 1 ሰዓት አንድ ሲኒ የዶሮ ሥጋ። ከመኝታ በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ወተት። ሲደመር 55 ግራም ገደማ ነው። አዎ፣ 60 አልሞላም፤ በዚህ ሳምንት ብዙ ሰው አይሞላለትም። የፕሮቲን ዱቄት ዋጋ የሚኖረው እዚህች ክፍተት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ቆርቆሮ ካመጡ ስኳር የሌለበትን ይምረጡ፣ ለብ ባለ ወተት ላይ ይበጥብጡት፤ የፈላ ላይ ከጨመሩት ይጓጉላል። ገንዘቡ ከሌለ ግን አንድ ተጨማሪ ግማሽ ብርጭቆ የበለጸገ ወተት ክፍተቱን ይሞላዋል።

አበላሉ ከምግቡ እኩል ነው። ሁልጊዜ ፕሮቲኑ ይቅደም። በሻይ ማንኪያ ይብሉ፣ አንዱ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጡ፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በመካከሉ ባለው ጊዜ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ ቢያንስ 1.5 ሊትር ይሙሉ። ደረት ላይ ጫን የሚል ነገር ሲሰማዎት ያቁሙ፤ የጥጋብ ምልክቱ ከዚህ በኋላ እሱ ነው።

ቡና የመጀመሪያውን ወር ይቆይ። ሲመለሱበትም ከብረት ክኒን ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቁት፤ ቡናም ሻይም ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። የብረትና የካልሲየም ክኒን እርስ በርሳቸው የሁለት ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ከነገለባው በቅቤ የሚጠበሰው ቡና ቀላማ ለዚህ ጨጓራ ፈጽሞ አይሆንም። ጠጅና አረቄም ከበፊቱ በፍጥነት ያሰክራሉ፣ ለጤናም አይበጁም።

ጠያቂና ጉርሻ

ከሐኪም ትእዛዝ ይልቅ የሚከብደው «በሞቴ!» ነው። ጠያቂ መጥቶ ታማሚው በሲኒ ሲበላ ካየ ልቡ አይችልም፤ ያጎርሳል። አንድ ጉርሻ ግን የሲኒውን ግማሽ ያህላል፣ አልታኘከም፣ ተመልሶም ይወጣል። ይህን የመከልከል ሥራ የታማሚው አይደለም፤ በቤቱ ከሚሰሙት አንዱ፣ እናት ወይም ታላቅ እኅት፣ በር ላይ ይናገሩለት፦ «ሐኪሙ ከልክሎታል፤ ማምጣት ከፈለጋችሁ እንቁላልና አይብ አምጡለት።» ጠያቂም ለስላሳና ጁስ ከመግዛት ያርፋል።

ጾምን በተመለከተ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ኦፕራሲዮኑን ከጾም ጋር እንዳይገጥም አድርጎ መቅጠር ይሻላል። ከገጠመም የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ ጾም አትጭንም። እስልምናም የታመመ ሰው የረመዳንን ጾም ወደ ሌላ ቀን እንዲያሸጋግር ይፈቅዳል። ከወራት በኋላ ሲጾሙ የአኩሪ አተር ወተት፣ ምስር፣ ሽምብራና የለሰለሰ የለውዝ ቅቤ ይኑርዎት። አኩሪ አተሩ አድሮ ተዘፍዝፎ በደንብ መቀቀል አለበት፤ ጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን ያውካል።

ሲጎድል እንዴት ይታወቃል?

እግር ማበጥ፣ የማይጠግግ ቁስል፣ ከወንበር ሲነሡ ጉልበት ማጣት የፕሮቲን እጥረት ምልክቶች ናቸው። ፀጉር ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር መርገፉ ግን ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይመለሳል፤ ቅቤ ቢቀቡት አይቆምም፣ ፕሮቲኑና ብረቱ ከተስተካከለ ይሻላል። በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር የደም ምርመራ ያድርጉ። ሄሞግሎቢኑን መቱ ካርል ሆስፒታል ማየት ይቻላል፤ እዚህ ያላገኙትን ምርመራ ለቀጠሮ ሲሄዱ አዲስ አበባ ያሠሩ። ቫይታሚኖቹን «ደህና ነኝ» ብለው አያቋርጡ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ፈጣን የልብ ምት፣ ወይም ወደ ግራ ትከሻ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከመጣ በሚቀጥለው ቀን ሳይሆን ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከአንድ ቀን በላይ የሚያስመልስዎት ከሆነም እንዲሁ።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉ። ሁሩሙ ወይም ጎሬ ጤና ጣቢያ ተረኛ የሆነው ባለሙያ ይህን ኦፕራሲዮን አይቶ ላያውቅ ይችላል። በአንዲት ወረቀት ላይ የኦፕራሲዮኑን ዓይነትና ቀን፣ የሠራዎትን ሆስፒታል ስልክ ይጻፉ። ከሥሩ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ «ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጠኝ፤ ጨጓራዬን ያቆስላል። ሲያስመልሰኝ ከቆየ ከግሉኮስ በፊት ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ይሰጠኝ።» ቢ1 ባለቀበት ሰውነት ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ አንጎልን ይጎዳል። ወረቀቷን ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ፣ አብሮዎት ለሚኖረውም ሰው ቅጂ ይስጡ።